የእንሰት ጓሮና የአባቶች ርስት
በአውስትራሊያ የቀደምት ተወላጆች የመሬት መብት በማቦ ጉዳይ በ1992 እ.ኤ.አ. በፍርድ በታወቀ ጊዜ፣ ለዳኞች ከቀረበው ማስረጃ አንዱ ከእነዚሁ ተወላጆች ወገን የሆኑት የሜሪያም ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ያወረዱት የጓሮ ድንበር ነበረ፤ ይህን ባነበብሁ ቍጥር በሐዲያ ምድር፣ በሞርሲቶ አካባቢ፣ ጎጆውን ከብቦ የሚቆመው እንሰት በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣል፤ ተተክሎ እስኪፋቅ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ተክል ነውና፣ የተከለው ሰው ከዚያች ምድር የማይነቀል ለመሆኑ ምስክር ነው።

በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ስሙ የተጠራው፣ ንግሥት እሌኒንም ያፈራው የሐዲያ ሕዝብ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በምኒልክ ሠራዊት ድል ከሆነ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ በአባቶቹ ርስት ላይ ገባርና ጭሰኛ ሆኖ ኖረ። አዋጁ ከባለርስቱ ቀንበር ቢያላቅቀውም፣ መሬቱን የሕዝብ ሀብት አለው እንጂ ለትውልዱ አልመለሰለትም።

የየጓሮውን ድንበር ግን ከአዋጁ ይልቅ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። በሐዲያ መስከረም ሲጠባ፣ ለያሆዴ በዓል፣ በድንበር የተጋፉ ጎረቤቶች በሽማግሌ ፊት ታርቀው፣ ከቡላ የተሠራውን፣ በቅቤ የራሰውን አታካና ከአንድ ገበታ ይቀምሳሉ።