በጎልፍ ጨዋታ የዱላ ፍጥነትና ጉልበት

የጎልፍ ዱላ ይዞ የማያውቅ ሰው ኳስ ፊት ሲቆም ጥርሱን ነክሶ፣ ክንዱን አጠንክሮ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። ኳሷ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜትር ተንከባልላ ትቆማለች። በዕድሜ የገፋ ልምድ ያለው ተጫዋች በአንጻሩ፣ ለተመልካች ስንፍና በሚመስል እንቅስቃሴ ከ150 ሜትር በላይ ይሰዳታል።

ጨዋታው ለሊባኖስ እንግዳ አይደለም። የሊባኖስ ጎልፍ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ሜዳው ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ በደቡባዊው የቤይሩት ዳርቻ ይገኛል። ከደክዋኔ ለሚነሣ ሰው ከተማዋን አቋርጦ መሄድን ይጠይቃል።

በዐረብኛ ይህ የዱላ እንቅስቃሴ «አርጀሓ» ይባላል፤ ሕፃናት የሚጫወቱበት ዥዋዥዌ «ኡርጁሓ» ከሚባልበት ሥር የወጣ ቃል ነው። እኛ በአማርኛ «መምታት» እንላለን። የዐረብኛው ቃል ለነገሩ ይበልጥ ይቀርባል፤ መምታት የሚያስብ ሰው ይገፋል፣ መወዛወዝ የሚያስብ ግን ዱላው እንዲፈጥን ይተወዋል።

የጎልፍ ኳስ ክብደት ከ45.93 ግራም አይበልጥም። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩትም ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ግማሽ ለማይበልጥ ጊዜ ያህል ነው። በዚያ ቅጽበት እጅ ምንም ያህል ቢገፋ ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ ዱላው ይዞት የመጣው ፍጥነትና የነካበት ቦታ ነው።

ፍጥነቱ እንዴት እንደሚመጣ በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ ያውቀዋል። እንቅስቃሴው ከእግርና ከወገብ ተነሥቶ በትከሻና በክንድ አልፎ ወደ አንጓ ይሻገራል፤ የኋላው ሲገታ የፊቱ ይፈጥናል። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚወረወረው በዚህ መንገድ ነው። ኮክረንና ስቶብስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት የጎልፍ ምትን እንደ ሁለት የተያያዙ ፔንዱለሞች ገልጸውታል፦ አንዱ ክንድ፣ ሌላው ዱላ። ዱላውን አጥብቆ የጨበጠ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን መታጠፊያ፣ አንጓውን፣ ይቈልፈዋል። ጡንቻዎቹም እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ድካሙ እውነተኛ ቢሆንም ወደ ዱላው አይደርስም።

ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል። የዱላው ራስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና ኳሷን በመካከሉ ቢያገኛት፣ ኳሷ 1.48 እጥፍ፣ ማለትም 222 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ታገኛለች። ተጫዋቹ ታግሎ ፍጥነቱን ወደ 156 ቢያሳድግ፣ ነገር ግን መካከሉን ስቶ እጥፉ ወደ 1.38 ቢወርድ፣ የኳሷ ፍጥነት 215 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ደክሞ ሰባት ኪሎ ሜትር ያጣል።

ጉልበት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ብራይሰን ዲሻምቦ ሰውነቱን አግዝፎና ሆን ብሎ ለፍጥነት ሠልጥኖ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ኦፕንን አሸንፏል። ደቡብ አፍሪካዊው ኤርኒ ኤልስ ደግሞ ያንኑ ዋንጫ በ1994ና በ1997 ያነሣው እንቅልፍ በሚያስመጣ እርጋታ ነው። ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ዲሻምቦ የደረሰበት ለመድረስ ጊዜውም ሥልጠናውም የለውም፤ ኤልስን ቢመለከት ይሻለዋል።

ጉዳዩ ከውጤት በላይ ነው። በጎልፍ ተጫዋቾች ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የታችኛው ወገብ ሕመም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጎነብስና ዕቃ ሲያነሣ የሚውል ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ሳያሟሙቅ በኃይል ቢጠማዘዝ፣ የሚጎዳው እንጀራ የሚበላበትን ወገብ ነው። ለዐሥር ደቂቃ ያህል መራመድና ትከሻን ቀስ አድርጎ ማዞር ይቀድማል።

ዱላው እንደ ጀበና እጀታ ይያዝ፤ እንዳይወድቅ፣ እንዳይሰበርም። ለልምምድ ዱላውን ገልብጦ በራሱ በኩል በመያዝ ያለ ኳስ ማወዛወዝ ይቻላል። አየሩን ሲሰነጥቅ የሚሰማው ፉጨት ኳሷ ልትሆንበት ከሚገባው ቦታ ላይ ወይም ጥቂት አልፎ መሰማት አለበት። ከትከሻ አካባቢ ከተሰማ ፍጥነቱ ቀድሞ አልቋል።