እበት፦ በምድጃና በማሳ መካከል

በኢትዮጵያ ደጋ የከብት እበት ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፈላጊዎች አሉት፤ ማሳና ምድጃ። ለማሳው ማዳበሪያ ነው፤ ለምድጃው ማገዶ ነው። ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው አይተርፍም። ደኑ በተመናመነባቸው የሰሜን ሸዋ፣ የወሎ፣ የጎጃምና የትግራይ ደጋማ አካባቢዎች እንጨት እየራቀ ሲሄድ ሚዛኑ ወደ ምድጃው አጋደለ።

እርጥቡ እበት ሲደርቅ ኩበት ይባላል። ከግጦሽ መሬት ላይ በራሱ ደርቆ የሚለቀም አለ፤ ከበረት ተጠርጎ በእጅ የሚጠፈጠፍም አለ። ሥራው በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። እበቱ ከጭድ ጋር ይታሻል፤ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ወይም መሬት ላይ ይሰጣል። ፊቱ ሲደርቅ ይገለበጣል። ጭዱ የሚገባው ኩበቱ እንዳይፈራርስና ቶሎ እሳት እንዲይዝ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከቤቱ አጠገብ ተከምሮ ይከደናል፤ ከቤት ፍጆታ የተረፈው ገበያ ይወጣል። እርጥቡም ቢሆን ሥራ አያጣም፤ አውድማ፣ ጎተራና የቤት ወለል ይለቀለቅበታል።

ኩበት ማንደድ ዋጋ ያስከፍላል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ለሰብል የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከእሳቱ ጋር ወደ አየር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፈረስና ፖታሲየምም ብዙ ጊዜ ከጓሮ ጎመን አልፈው እርሻ አይደርሱም። በዚህ ምክንያት ራቅ ያለው ማሳ ዓመት እየጠበቀ ሰብል ይሰጣል እንጂ የተወሰደበትን መልሶ አያገኝም።

ሁለቱን ፈላጊዎች የሚያስታርቀው ዘዴ ባዮጋዝ ነው። አየር በሌለበት የሚበሰብስ ነገር ተቀጣጣይ ጋዝ እንደሚያመነጭ በሳይንስ ከታወቀ ቆይቷል፤ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከሐይቅ ዳር ጭቃ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ መርምሮታል። ይህ ጋዝ ዛሬ ሚቴን ይባላል። ዘዴው ኢትዮጵያ የደረሰው በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957/58) ሲሆን የመጀመሪያው ማብላያ፣ ማለትም እበት አየር ሳያገኝ በስብሶ ጋዝ የሚሰጥበት ዝግ ጉድጓድ፣ የተሠራው በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት በመላ አገሪቱ የተሠሩት ማብላያዎች ጥቂት ነበሩ። የህንዱ ተንሳፋፊ ክዳን ያለውም፣ የቻይናው ጉልላታማም ተሞክረዋል። ከተሠሩት ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ። ሠሪው ከሄደ በኋላ የሚከታተልና የሚጠግን አልነበረም፤ ውኃው ይርቃል፤ ከብቱ ይሸጣል ወይም ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከዚህ ልምድ ተነሣ። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ 14,000 ማብላያዎችን ለመሥራት አቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡትን ሠራ። የመረጠው ንድፍ ከኔፓል የተወሰደና ለአገሩ እንዲስማማ የተሻሻለ ሲሆን ስሙም «ስንዱ» ተባለ። ጉልላቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት በታች ይሠራል። ቢያንስ አራት ከብት ያለው ቤተሰብ በየቀኑ እበቱን በባልዲ እየለካ ከእኩል መጠን ውኃ ጋር ይበጠብጣል። እዚህ ላይ የኩበቱ ሙያ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ሆን ተብሎ የሚጨመረው ጭድ አሁን ተለቅሞ ይጣላል፤ ከላይ ተንሳፍፎ ጋዙን ያፍናልና። በጉልላቱ ሥር የሚጠራቀመው ጋዝ ብጥብጡን ወደ መውጫው ጉድጓድ ይገፋዋል፤ በማድቤት ቧንቧው ሲከፈት ብጥብጡ ተመልሶ ጋዙን ወደ ምድጃውና ወደ መብራቱ ይገፋል።

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም ወደዚሁ ማብላያ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ከሰው ዓይነ ምድር በወጣ ጋዝ ምግብ ማብሰልን የሚጸየፉ ቤተሰቦች ስላሉ፣ ቧንቧው ተዘጋጅቶም ሳይገናኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከዚህ የከበደው ችግር ግን የምጣዱ ነው። የባዮጋዝ ምድጃ ቡና ለማፍላትና ወጥ ለመሥራት ይበቃል፤ እንጀራ መጋገር ግን ሰፊ ምጣድን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያግል ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን የባዮጋዝ ምጣድ እስኪሠራ ዓመታት አለፉ፤ ከቤቱ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ እንጀራ ነው። ስለዚህ ማብላያ ባለበት ግቢም የኩበት ክምሩ አልጠፋም።

ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ባዮስለሪ ይባላል። ናይትሮጅኑ ስላልተቃጠለ እንደ ፈሳሽ በቀጥታ፣ ወይም ከገለባና ከቅጠል ጋር ተብላልቶ ኮምፖስት ሆኖ ለሰብል ይሰጣል። እበቱ መጀመሪያ በጋዝነቱ ምድጃውን፣ ቀጥሎ በዝቃጭነቱ ማሳውን ያገለግላል፤ ኩበት ሆኖ ቢነድ ግን ለማሳው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነበር።