ባለ አባትና ባለ አገር

«ባላባት» የሚለው ቃል ሲፈታ «ባለ አባት» ማለት ነው። ትውልዱ የሚቆጠር፣ የአባቱ ስም በአገር የታወቀ ሰው ማለት ነው፤ የቀረው ሕዝብ አባት የሌለው ይመስል። «ባላገር» ደግሞ «ባለ አገር» ነው፤ አገሩን የያዘ፣ በምድሩ ተተክሎ የሚኖር። ከሁለቱ የትኛው የክብር ስም፣ የትኛው ስድብ ሆኖ እንደ ቀረ ግን ማንም ያውቀዋል። በውርስ ሀብት ይኖሩ የነበሩት የመሳፍንትና የመኳንንት ቤቶች እንዴት እንደ ኖሩ፣ ለልጆቻቸውም በእርግጥ ምን እንዳወረሱ ለመመርመር ከእነዚህ ሁለት ቃላት የተሻለ መነሻ አይገኝም።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም በኩል የሚቆጠር የትውልድ መብት ስለ ነበረ ገበሬውም ባለ ርስት ነበር። መኳንንቱን ከገበሬው የለየው ጉልቱ ነው፤ ይኸውም በሌላው ሰው ርስት ላይ ግብር የመብላት መብት ነው። ጉልትን ንጉሥ ይሰጠዋል፣ ንጉሥም ይነሣዋል። ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ርስተ ጉልት የሆነው ብቻ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በደቡቡ ክፍል ነገሩ ከዚህም የከፋ ሆነ፤ ብዙው ገበሬ በአባቶቹ ምድር ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

ነገ ሊነሣ የሚችል ሀብት በጎተራ አይከማችም፤ በሰው ላይ ይፈሳል። የመኳንንቱ ቤት ዋና ልማድ ግብር ማብላት የሆነውም በአመዛኙ ከዚህ የተነሣ ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ ምሥጢሩን አልደበቀም። ገበሬው የሚያስገባውም «ግብር» ነው፤ ጌታው የሚያበላውም «ግብር» ነው። በአንዱ በር እህልና ማር ሆኖ የገባው በሌላው እንጀራና ጠጅ ሆኖ ይወጣል፤ በመካከል ግን ምስጋናው ባለቤቱን ይለውጣል። ያመረተው ተረስቶ ያበላው ይወደሳል።

አዳራሹም ሕግ ነበረው። አጋፋሪው እንግዳውን በማዕረጉ ያስቀምጣል፤ ጌታው ከመጋረጃ ውስጥ ይመገባል፤ የሥጋው ብልት እንደየሹመቱ ይታደላል። ከፍ ያለው ተመግቦ ሲነሣ ዝቅ ያለው ተራውን ይገባል። አዝማሪው ከማዕዱ ዳር ቆሞ የጌታውን የዘር ሐረግ በማሲንቆ ይቆጥራል። ጌታው በበቅሎ ሲወጣም ክብሩ የሚለካው በኋላው በሚከተለው ሰው ብዛት ነበር። የራሱን ጠመንጃ እንኳ ጋሻ ጃግሬው ይይዝለታል።

ፍትሕ ለማንም አይነፈግምና፣ ይህ ቤት መልካም ነገር አላስተማረም ማለት አይቻልም። «ልጅ» የሚለውን ማዕረግ ይዞ ያደገው የመኳንንት ልጅ ዳዊት ይደግማል፤ ጉግስ ይጫወታል፤ በሌላ ጌታ ቤት ቆሞ ማገልገልን ይማራል። ንግግር መቆጠብን፣ ቃል መጠበቅን፣ ቸርነትን ይወርሳል። ጦርነት በመጣ ጊዜም ከፊት መሰለፍ የስሙ ዕዳ ነበር። አንድ ነገር ግን አይማርም፤ እርፍ መጨበጥን አይማርም። በእጅ መሥራት የሌላው ሰው ዕጣ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የዚህን ንቀት ጠባይ አንዲት ክር ትገልጸዋለች። ጥጥ መፍተል ለእመቤቲቱ የተከበረ ሙያ ነበር፤ ወይዘሮይቱ ከደንገጡሮቿ ጋር ተቀምጣ ብትፈትል ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች። ያው ክር ወደ ሸማኔው እጅ ሲያልፍ ግን ሥራው ነውር ይሆናል። ሸማኔው ይናቃል፤ የሸመነው ኩታ ይከበራል። ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል፤ የሠራው ጦርና ማረሻ ግን አገር ይጠብቃል፣ አገር ይመግባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው በሽታው ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ የአገር ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን አስረድቷል። ሰሚ ግን ብዙ አልነበረም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የባላባቱ ኑሮ መልኩን ለወጠ። ጌታው ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ ምርቱን ወኪሉ ይሰበስብለታል። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ ሲጠብ የሚከራየው ቤት በዛ፤ ልጁም ወደ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ተላከ። ጭሰኛው የድሮውን ያህል ይከፍላል፤ የድሮውን ማዕድ ግን አያይም። በ1958 ዓ.ም. ርስተ ጉልት በዐዋጅ ቀረ። በዚያው ዓመት የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በፊታውራሪ መሸሻ አምሳል አጥንት ቆጠራ የገዛ ልጅን ሕይወት እንዴት እንደሚበላ አሳየን።

ከዚያው መደብ የወጣ ሁሉ ግን ውርሱን እንዳለ አልተቀበለም። ከባላባት ቤት የተወለደው ገርማሜ ንዋይ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመለሰ፤ በወላይታ ገዥ ሳለም መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማደል ሞከረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣውና በከሸፈው የመንግሥት ግልበጣ ምክንያት ሕይወቱን አጣ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌውም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ተወረሱ። በዘመናት የተከማቸ ርስት በአምስት ወር ውስጥ ከባላባቱ እጅ ወጣ። ከሁሉ የከበደው ውርስ ግን መሬቱ አልነበረም። የእጅ ሥራን መናቅ በሰነድ አልተመዘገበም፤ ስለዚህም ማንም አልወረሰውም፤ ወይም፣ ነገሩን ገልብጦ ለማየት የሚደፍር ቢገኝ፣ ሁላችንም ወረስነው።

ከሌላው በፊት ራሴን ልክሰስ። እኔ በምጽፍለት መድረክ ባላገር ብቅ ሲል ተመልካቹ ገና አንድ ቃል ሳይሰማ ይስቃል፤ ባላባት ሲገባ ግን ክፉ ሰው እንኳ ቢሆን ጸጥ ይላል። ያንን ሳቅ እየጠበቅሁ የጻፍሁበት ጊዜ ነበር። በትምህርት ቤትም የሰነፈው ተማሪ «ገበሬ ትሆናለህ» ተብሎ ሲፈራራ ሰምተናል። የሚያበላን ሰው መሆን ቅጣት ተደርጎ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ቃል ጌታውን ይለውጣል። «ወይዘሮ» በጥንት ዘመን የነገሥታትና የመሳፍንት ዘር ለሆነች ሴት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ጉልት የምትቸረችረውም እናት ወይዘሮ ናት። ማንም ዐዋጅ አላወጣም፤ ሰዎች እርስ በርስ ሲከባበሩ ማዕረጉ ከእልፍኝ ወደ ገበያ ወረደ። «ወይዘሮ» ወደ ሁሉ መውረድ ከቻለ «ባላገር» ወደ ክብሩ ሊመለስ የማይችልበት ምክንያት የለም። መምህሩ በክፍሉ፣ ተዋናዩ በመድረኩ፣ ደራሲውም በወረቀቱ ላይ ቃሉን እንደ ፍቺው ቢጠራው ይበቃል፤ ባለ አገር።