የግል መኪናን ይዞ ለጊዜያዊ ሥራ ወደ ኬንያ መሻገር

ለጥቂት ወራት የሥራ ውል ወደ ጎረቤት አገር የሚሄድ ሰው የግል መኪናውን ይዞ ሊሻገር ይችላል። ይሁን እንጂ መኪናው ድንበር ካለፈ በኋላ ቀረጥ ሳይከፈልበት በሰው አገር እንዲቆይ የተፈቀደለት ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሳያልፍ መኪናው ተመልሶ መውጣት ይኖርበታል።

ለአብነት በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ ከሚገኙት የአበባ እርሻዎች በአንዱ የስድስት ወር ውል ያገኘ የግብርና ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ በኩል ሞያሌ ይደርሳል። በዚያ የሁለቱን አገራት የድንበር አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጠው የጋራ ኬላ በኅዳር 2013 ዓ.ም ተመርቋል።

ከመነሳት በፊት

የመጀመሪያው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። ሊብሬው በተጓዡ ስም ካልሆነ ከባለቤቱ የተሰጠ ሕጋዊ ውክልና ያስፈልጋል። መኪናው በባንክ ብድር ከተያዘ የባንኩን፣ ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ደግሞ የጉምሩክን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር መመሳሰላቸውን ማረጋገጥም ኬላ ላይ ከሚገጥም መጉላላት ያድናል።

ሁለተኛው መድን ነው። ቢጫ ካርድ የተሰኘው የኮሜሳ የሦስተኛ ወገን መድን ኢትዮጵያን፣ ጅቡቲን፣ ኬንያንና ሌሎችንም አባል አገራት ያካትታል። በአገር ውስጥ መድን ላይ ተጨምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ለተሳፋሪዎች ሕክምና ዋስትና ይሆናል። በራሱ በመኪናው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ግን አይሸፍንም፤ ለዚህ የተለየ ውል መግባት ያስፈልጋል።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ ለውጭ ተቆጣጣሪ የሚያስረዳ እንጂ የሚተካ ባለመሆኑ ሁለቱም አብረው ይያዛሉ።

በኬላው ላይ

ብዙዎች የሚዘነጉት የመውጫውን ምዝገባ ነው። መኪናው ከኢትዮጵያ ሲወጣ ተመልሶ የሚገባ መሆኑ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ካልሰፈረ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሊቆጠር ይችላል። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ካገደች ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ቀረጥ ከመክፈል በላይ ሆኗል።

በኬንያ በኩል መኪናው በጊዜያዊነት መግባቱ ይመዘገባል። ካርኔ የሚባለው፣ በአውቶሞቢል ማኅበራት የሚሰጠው የቀረጥ ዋስትና ሰነድ በኬንያ ተቀባይነት አለው። ሰነዱን ያልያዘ መንገደኛ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ከጉምሩክ ይጠይቃል። በሁለቱም መንገድ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም መመታቱን ከኬላው ሳይርቁ ማየት ተገቢ ነው። የመውጫ ማኅተም የሌለው መኪና በዚያው አገር እንደቀረ ይቆጠራልና።

ከእርሻ የተነሳ መኪናም ታጥቦ ቢጓዝ ይመረጣል። አፈር፣ ዘርና ችግኝ የዕፅዋት በሽታና ተባይ ስለሚያዛምቱ የኳራንቲን ቁጥጥር ይደረግባቸዋል፤ ዘር ወይም ችግኝ የሚይዝ ሰው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

በቆይታ ጊዜ

በኬንያ የሚነዳው የመንገዱን ግራ ይዞ ነው። መሪው በግራ የሆነ የኢትዮጵያ መኪና አሽከርካሪ በመንገዱ ዳር በኩል ስለሚቀመጥ፣ ሲቀድም ከፊት የሚመጣውን ዘግይቶ ያያል። ከሞያሌ በማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው ረጅምና በረሃማ መንገድም ውኃና ትርፍ ጎማ ይፈልጋል።

የሥራ ፈቃድና የመኪና ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። የሥራ ውሉ ቢራዘም የመኪናው ፈቃድ አብሮ አይራዘምም፤ ቀኑ ከማለቁ በፊት ለጉምሩክ ማመልከት ይገባል። መኪናውን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ለአገሬው ነዋሪ ማዋስ ፈቃዱን ያሳጣል፤ ቀረጥ፣ ቅጣትና መወረስንም ሊያስከትል ይችላል። መኪናው ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን የፖሊስ ማስረጃ ይዞ ወዲያውኑ ለጉምሩክ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንደተሸጠ ሊታሰብ ይችላል።

ስለዚህ ጉዞውን ከመወሰን በፊት የመድኑን፣ የዋስትናውንና የመንገዱን ወጪ ደምሮ፣ በሄዱበት መኪና ተከራይቶ ከመጠቀም ጋር ማነጻጸር ብልህነት ነው። ቆይታው አጭር ከሆነ መኪናውን በአገር ቤት ትቶ መሄድ ሊያዋጣ ይችላል።