ተለቀው የሚውሉ ዶሮዎቻችንን ከአውሬ እንዴት እንጠብቅ?

በሞሻቭ ወይም ግቢ ባለው ቤት ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን አንዳንዶቹ አምስትም አሥርም ዶሮ ያረባሉ። ለወጣቱ ትርፍ ነገር ሊመስለው ይችላል። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ግን ነገሩ እንቁላል ብቻ አይደለም፤ ዕብራይስጥ ሳይጠይቃቸው፣ ፎርም ሳያስሞላቸው፣ ጧት ተነሥተው የሚሠሩት የሚያውቁት ሥራ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ቀበሮ ገብቶ ሁሉንም ሲጨርስባቸው ጉዳቱ በሼቄል ብቻ አይለካም። ከዚያ በኋላ እንደገና ለመጀመር ልብ ያጡ ሽማግሌዎችን በሥራችን አግኝተናል።

በጎንደርም ሆነ በትግራይ መንደሮቻችን ዶሮን የሚጠብቃት ሰው ነበር። ቀን ጭልፊት ሲያንዣብብ ልጆች ይጮኻሉ፤ ሲመሽ ዶሮዋ ራሷ ወደ ቤት ገብታ ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ደጅ ውሻ አለ። ሸለምጥማጥ የሚቀናው በሩ የተረሳ እንደ ሆነ ነው። እዚህ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጎልማሶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ዶሮም ሳሎን ውስጥ አታድርም። ያ ሁሉ ዓይን ይሠራው የነበረውን ሥራ ሽቦና መቀርቀሪያ መሥራት አለባቸው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በጎንደር ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ከክረምት እስከ በጋ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በእስራኤል ግን በሰኔ ወር ማለቂያ (ጁን) ከምሽቱ 19፡50 ገደማ የምትጠልቀው ፀሐይ በዲሴምበር 16፡40 ሳይሞላ ትጠልቃለች። በበጋ ከሥራ መልስ በር የሚዘጋ ሰው በክረምት በዚያው ሰዓት ሲደርስ ከጨለመ ቆይቷል፤ አውሬውም ቀድሞታል። የሰዓት ለውጥ በሚደረግበት ሳምንት፣ ማለትም በኦክቶበር መጨረሻ፣ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጠላቱ ማን ነው?

በአማርኛ ቀበሮ የምንለው እዚህ ሁለት እንስሳ ነው። አንደኛው «ታን» ነው፤ በቡድን የሚኖር፣ ማታ ማታ ድምፁ እንደ ልቅሶ የሚሰማው። ሁለተኛው «ሹዓል» ነው፤ አነስ ያለ፣ ጅራቱ ጎፈሬ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚያድን። ሁለቱም ይቆፍራሉ፤ ሁለቱም ዝቅተኛ አጥር ይዘላሉ። ታን ወደ ሰው መኖሪያ የሚቀርበው በአብዛኛው ክፍት በሆነ ቆሻሻና በሜዳ በተጣለ የእንስሳ ሬሳ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሞተች ዶሮን ከአጥር ውጭ መወርወር አውሬውን ለግብዣ መጥራት ነው።

«ኔሚያ» የሚባለው ረጅም ጅራትና አጭር እግር ያለው ግራጫማ እንስሳ ደግሞ በቀን ይመጣል። «ሌሊት በደንብ ዘግቼ ነበር» የሚሉ ሰዎች እንቁላሉና ጫጩቱ የሚጠፋባቸው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። እንቁላሉን በኋላ እግሮቹ መካከል ወደ ድንጋይ ወርውሮ ይሰብረዋል። ይሁን እንጂ እባብና አይጥም ይበላልና ከግቢ መራቁ ይበቃል፤ መሞት የለበትም። በሰሜንና በተራራማው አካባቢ «ዳላክ» የሚባል ሸለምጥማጥን የሚመስል አለ፤ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና ከሚበላው በላይ ይገድላል። ከሰማይ ጭልፊትና ግራጫው ቁራ ጫጩት ያነሣሉ። ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ለጨዋታ ያህል ገድሎ ጥሎ ይሄዳልና።

ምልክቱን ማንበብ ይረዳል። ብዙ ዶሮ ሞቶ በየቦታው ከተጣለ ውሻ ወይም ዳላክን፣ ዶሮዋ ጠፍታ ላባዋ ወደ አጥሩ በመስመር ከተበተነ ታንን ወይም ሹዓልን፣ ላባ በአንድ ቦታ ተነጭቶ ከተከመረ አሞራን እንጠርጥር። በእርግጥ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ከጎረቤት ጋር መጣላት አይገባም።

የሚይዝ ቤት

በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዶሮን ውስጥ ያቆያል እንጂ አውሬን ውጭ አያቆይም። ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ዝናብ ከመታውም በእጅ ይበጠሳል። ለማደሪያው የሚያስፈልገው የተበየደ የሽቦ መረብ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሬሼት መሩተኸት» ብላችሁ ጠይቁ። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን አይጥንና አብዛኛውን እባብ ጭምር ይከለክላል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገንዘብ ካነሰ ለማደሪያው ብቻ ይህን አድርጎ ለመዋያው ቀለል ያለውን መጠቀም ይቻላል። እኛ ሁልጊዜ የምንመክረው ትልቅ ደካማ ቤት ከመሥራት ትንሽ ጠንካራ መሥራትን ነው።

የሚቆፍር አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ከአጥሩ ሥር ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ግርጌ ወደ ውጭ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ መሬት ላይ አንጥፎ፣ ከአጥሩ ጋር አሥሮ፣ በአፈርና በድንጋይ መሸፈን ነው። አውሬው ይጭራል፣ ሽቦ ያገኘዋል፣ ከሽቦው ዳርቻ ወደ ኋላ ርቆ መጀመር ግን አይታየውም። ጉድጓድ ቆፍሮ ሽቦ ከመቅበር ይህ ለሽማግሌ ጉልበት ይቀላል። አጥሩ ራሱ ቁመቱ 1.80 ሜትር ቢሆንና ጫፉ ወደ ውጭ ቢታጠፍ መልካም ነው። ከላይ ከጭልፊትና ከቁራ የሚከላከል መረብ ይዘርጋ፤ መዋያው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ዶሮዎቹ የሚሸሸጉበት ቁጥቋጦ ወይም ዝቅተኛ ጣሪያ አብጁላቸው። ጫጩት የያዘች እናት ጫጩቶቿ እስኪጎለምሱ ከተሸፈነ ቦታ አትውጣ።

በሩ በአውሬ ግፊት የማይከፈት መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ገመድ መቀርቀሪያ አይደለም። በሰዓት ወይም በብርሃን ራሱ የሚዘጋ በርም ይሸጣል፤ ከዓርብ በፊት ተስተካክሎ ስለሚሠራ በሰንበት እጅ አይነካውም። ችግሩ ግን አንዷ ዶሮ ውጭ ብትቀር እንኳ መዝጋቱ ነው። መቁጠር የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ የልጅ ልጆች ከአያታቸው ጋር ሆነው ቢቆጥሩ ደስ ይላል።

መርዝ በፍጹም

በንዴት መርዝ በሥጋ ላይ አድርጎ ከአጥር ውጭ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ይህን በግልጽ እንናገር፤ በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት በመርዝና በወጥመድ ማደን የተከለከለ ነው፤ ለፍርድ ያደርሳል። ከሕጉም በላይ መርዙ የሚያገኘውን አይመርጥም። በሜይ 2019 በጎላን ኮረብታዎች ስምንት ጥንብ አንሣዎች ተመርዘው ሞተዋል። በግቢ ውስጥ ከሆነማ የሚያነሣው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ታን ወይም ሌላ አውሬ ካስቸገረ የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን በ*3639 ይጠየቅ።

በቀን ሰውን ሳይፈራ የሚቀርብ ወይም የሚንገዳገድ ታን ወይም ሹዓል የእብደት በሽታ («ካሌቬት») ሊኖርበት ስለሚችል ዶሮ ለማስጣል እንኳ በእጅ አትጠጉት። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጥበቃ ቢሮ («ሊሽካት ሃብሪዩት») መሄድ ነው፤ ስልኩ *5400። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መቆየት የሞት መንገድ ነው፤ በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። የግቢ ውሻም በየዓመቱ መከተብ ግዴታው ነው።

እፉኝት («ጼፋ») ወደ ዶሮ ቤት የሚመጣው አይጥና ጫጩት ፍለጋ ነው። የፈሰሰ እህል ማታ ማታ ይጠረግ፤ መኖ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ እንቁላል ለማንሣት በጨለማ እጅ አይሰደድ፤ የእጅ ባትሪ ይያዝ። እባብ የነደፈው ሰው ሳይንቀሳቀስ 101 ይደወልለት፤ ቁስሉ አይበጣ፣ አይታሠርም።

አውሬ ነክሷት የተረፈች ዶሮን «ቶሎ እንረዳት» የሚሉ አሉ። በኦሪት ዘጸአት 22 አውሬ የሰበረው ሥጋ ለመብል የተከለከለ መሆኑን ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ የምትጠራጠሩ ቄሱን ወይም ረቢውን ጠይቁ።

በፎቅ ቤት ለሚኖሩና በከተማ ግቢ ላላቸው፣ ዶሮ ከመግዛታቸው በፊት ለከተማው የእንስሳት ሐኪም በ106 ደውለው ፈቃዱን ይጠይቁ። የወፍ ጉንፋን ሲነሣ፣ በዲሴምበር 2021 በሁላ ሸለቆ በሺህ የሚቆጠሩ የዱር ወፎች በሞቱበት ጊዜ እንደ ሆነው፣ ዶሮ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ መረብና ጣሪያ ያለው መዋያ የሠራ ሰው ዶሮዎቹን አያጣም።