የጥር ሙሽሮችና የክረምት እርጥበት
ስለ ጎንደር የሠርግ ፎቶግራፍ ታሪክ

አውሮፓዊው ስለ ክረምት ሲናገር ብርድንና በረዶን ማለቱ ነው፤ በእኛ አገር ግን ክረምት የዝናብና የጭቃ ወራት ነው። በጎንደርና በደጋማው ሰሜን ጎንደር ብርድ የሚበረታው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱንና ማለዳውን ነው። በዳባትና በደባርቅ ከፍታዎች ውርጭ የሚታየውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሠርግ የሚበዛው በጥር በመሆኑ፣ የአካባቢው የሠርግ ፎቶግራፍ ታሪክ በአብዛኛው የብርድ ወራት ፎቶግራፍ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ከተመለከተ በኋላ፣ ዛሬ በቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት ሥዕሎች ስለሚገኙበት አደጋ ጥቂት ነገር ያነሣል።

የጥር ወር የሠርግ ወር የሆነበት ምክንያት በግልጽ የሚታወቅ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በገና ይፈታል፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ይከበራል፤ ከዚያ በኋላ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም እስኪገቡ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በዚህ መካከል እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ወንዞች ጎድለዋል፤ እንግዳ ከሩቅ ለመምጣት መንገዱ ይመቸዋል። ክረምት ሲሆን ግን ገበሬው እርሻ ላይ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ነሐሴ ሲገባም የፍልሰታ ጾም ይጀመራል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ሠርግ ቤት የሚሄድበትን ወር የሚወስኑለት የቤተ ክርስቲያን ቀን አቆጣጠርና የእርሻው ሥራ ናቸው።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የሙሽራ መሣሪያ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በዘመተው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የፎቶግራፉን ሥራ ያከናውኑ የነበሩት የመሐንዲሶች ክፍል ባልደረቦች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የአገሩን አቀማመጥ ከማንሣታቸውም በላይ ካርታንና ንድፍን ለማባዛት በካሜራ ይጠቀሙ ነበር። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ይህ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላለፈ። ካሜራ በመጀመሪያ የጦር ሠራዊትና የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር ማለት ነው።

በጎንደር ከተማ ካሜራ በስፋት ከሠራባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ከሰኔ 1924 ማብቂያ እስከ ኅዳር 1925 ዓ.ም. ድረስ ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ በዚያ ከአምስት ወር በላይ ተቀመጠ። የቆይታው እኩሌታ ያህል ክረምት ስለነበረ፣ የክረምቱን ጎንደር በሥዕል ለማስቀረት ዕድል ያገኘው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው። ይኸው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ መውሰዱም አይዘነጋም። ከዚያ በኋላ ወረራው መጣ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጎንደርን ያዙ፤ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል እስከተመቱ ድረስም የጎንደርን፣ የዳባትንና የደባርቅን መሥመር ይዞ በሊማሊሞ ገደል የሚወርደውን መንገድ ሠርተው ነበር። መንገዱ ለጦርነት ይሠራ እንጂ፣ ከነጻነት በኋላ የጎንደር ፎቶግራፍ አንሺ መሣሪያውን በመኪና ጭኖ ወደ ደጋው ሠርግ ሊደርስ የቻለው በዚሁ መንገድ ነው።

የደጋው ብርድ ለዚህ ሙያተኛ ቀላል ጠላት አልነበረም። የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የሚዘጋጀው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፣ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቅመም ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ሥዕሉም ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ በጥር ሌሊት በጨለማ ክፍል የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ውኃ ማሞቅ ነበረበት። ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ ችግሩ ባሰ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተስፋፋው የማጠቢያ ዘዴ 38 ዲግሪ ያህል ሙቀት የሚጠይቅ፣ የአንድ ዲግሪ መዛነፍ እንኳ ቀለሙን የሚያበላሽ ነው። ባትሪም በብርድ ይደክማል። ከውጭ ብርድ በቀጥታ ወደ ዳስ የገባ ካሜራ ደግሞ፣ በዳሱ ውስጥ ከተሰበሰበው ሕዝብ ትንፋሽና ከወጡ እንፋሎት የተነሣ መስተዋቱ በጤዛ ይሸፈናል። መፍትሔው ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ ጥቂት እስኪሞቅ መታገሥ ነው፤ ሙሽራው ግን አይጠብቅም።

በሌላ በኩል የጥር ብርሃን ለጋስ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በጥር አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማሱ 58 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ባለመሆኗ ወደ ደቡብ የዞረ ሙሽራ ፊቱ ይበራል፤ ዓይኑም በቅንድቡ ጥላ አይዋጥም። ከባድ የሆነው የልብሱ ጉዳይ ነው። በሰሜን አውሮፓ የክረምት ሠርግ ፎቶግራፍ አንሺን የሚያስቸግረው የበረዶው ንጣት ነው፤ በእኛ ዘንድ የበረዶውን ቦታ የያዘው ነጭ ሸማ ነው። መሣሪያው በሸማው ንጣት ተታልሎ ብርሃኑን ሲቀንስ የሙሽራዪቱ ፊት ይጠቁራል፤ ለፊቱ ሲባል ብርሃኑ ሲጨመር ደግሞ የጥበቡ ጥለት ይጠፋል። ሁለቱንም በአንድ ሥዕል ያስቀረ ሰው በእርግጥ ባለሙያ ነበር።

ሥዕሎቹን እንደ ታሪክ ምንጭ ለሚመለከት ሰው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ያለው አገር ጎተራው የሞላ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ሕዝቡ ነጭ የለበሰ አገር ነው። የሐምሌው ጭቃ፣ ያለቀው እህል፣ በሞላ ወንዝ ማዶ የቀረው መንገደኛ በዚያ የሉም። ሥዕሉ አይዋሽም፤ ይሁን እንጂ ከዓመቱ ውስጥ የሚነግረን አንዱን ወር ብቻ ነው።

እነዚህ ሥዕሎች የትዝታ ጌጥ ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት በሽማግሌና በምስክር ፊት የተጋቡ ብዙ ባልና ሚስት የጋብቻ የምስክር ወረቀት የላቸውም። የውርስ ወይም የንብረት ክርክር ሲነሣ፣ ምስክሮቹ በሞት ከተለዩ፣ ያች አንዲት የሠርግ ፎቶግራፍ የመበለቲቱ አጋዥ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ እንደታየው፣ ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን እንጂ አልበሙን አይሸከምም።

ጦርነት ባይኖር እንኳ ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ቅዝቃዜ ለፊልም ወዳጁ ነው፤ የቀለሙን መድብዘዝና የፊልሙን መበስበስ ያዘገያልና። ጠላቱ እርጥበት ነው። በዝናቡ ወራት በጭቃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይሻግታል፤ በላስቲክ የታሸገ ነጌቲቭ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ የአሲቴት ፊልምም እንደ ኮምጣጤ መሽተት ሲጀምር መጥፋቱን እያስታወቀ ነው። የጥር ብርድ ያልገደለውን ሥዕል የነሐሴ እርጥበት ይገድለዋል።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ዕውቀት ከሙያችን ውጭ አይደለም። ሥዕልን ከውጭ ግድግዳ አርቆ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በላስቲክ ፋንታ በወረቀት መሸፈን፣ ሣጥኑን በበጋ ከፍቶ ማናፈስ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። በየከተማው የቆዩት የፎቶግራፍ ቤቶች ነጌቲቮቻቸውን ከመጣላቸው በፊት ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል መንደፍ፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱም ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር መቅዳት ደግሞ የእኛን እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሥራው ከሰኔ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።