ወረቀትና ሊጥ

በአገራችን የጋዜጣ ዕድሜ በመነበብ አላበቃም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ አዲስ ዘመንም በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ፣ ተነቦ ያለቀው ጋዜጣ በብዙ ቤት በዱቄት ሙጫ ከጭቃው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ አቧራውንና ብርዱን ሲከላከል ኖሯል። በእንግድነት ተቀምጦ ያለፈውን ዓመት ወሬ ከግድግዳ ላይ ያላነበበ ማን አለ? ስለዚህ ከወረቀትና ከሊጥ ዕቃ የመሥራት ጥበብ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ የመንገዱን እኩሌታ ሳናውቀው ሄደነዋል።

እኩሌታውን የጨረሱት ሌሎች ናቸው። የቻይና ታሪክ የወረቀትን ሥራ በ105 ዓመት ለነበረው ለጻይ ሉን ይሰጠዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ የመጡ ብልሃተኞች በካሽሚር የብርዕ ማኖሪያ ሣጥን ከወረቀት መሥራትን አስለመዱ። በበርሚንግሃም ከተማም ሄንሪ ክሌይ በ1772 ወረቀትን ደራርቦ አጣብቆ ለሠረገላ ግድግዳ እስኪበቃ ድረስ ስላጠነከረው የፈጠራ መብት ተቀበለ። (ይህ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ፈረንሳዮች ሥራውን «የታኘከ ወረቀት» ይሉታል።

ወደ ሞላሌ እንመለስ። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ሠርቶ የደጋውን ብርድ ሲመክት የኖረ ነው። ሆኖም በአገራችን ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ በመኖሩ ብዙ እጅ ከሥራ ሸሽቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ዐዋጁን ተሻግሮ ቈየ። ወረቀት ለሚዘፈዝፍ ሰው ግን ገና የስድብ ስም አልወጣለትም፤ ይህም በእኛ ግምት ትልቅ ዕድል ነው። የባላገርም የከተማም ልጅ ያለ ኀፍረት ሊጀምረው ይችላል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አሮጌ ጋዜጣ በእጅ ይቀደዳል፤ በመቀስ የተቈረጠ ጠርዝ እንደ ተቀደደው እርስ በርሱ አይዋሐድም። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እስኪወፍር ድረስ በእሳት ላይ ይማሰላል። ከዚያ ቅባት የተቀባ ሳሕን ተደፍቶ፣ ቍራጩ በሙጫው እየተነከረ አንዱ ረድፍ በቁሙ፣ ሁለተኛው በአግድሙ ይለጠፍበታል። ሁለት ሦስት ረድፍ በተለጠፈ ቍጥር ማድረቅ ይገባል፤ የቸኰለ ሰው ውስጡ የሻገተ ዕቃ ያገኛል።

በሞላሌ ይህን በክረምት መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ ጉሙ አያደርቀውም። ከጥቅምት ወዲያ ያለው ፀሓይና ነፋስ ግን ይረዳል። የደረቀው ሳሕን ለክር፣ ለመርፌ፣ ለመቍጠሪያ ማኖሪያ ይሆናል፤ ወጥና ውሃ አይችልም። አይጥም ሊጡን ስለምትወድ፣ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ከፍ ካለ ቦታ ሊሰቀል ይገባዋል።